ባለቀለበቱ ሽመላ በሽምብራው ማሳ

እትየ እናኑ ወንጭፋቸውን ሁለት ጊዜ በራሳቸው ላይ አዙረው ሊለቁት ሲሉ ዳኘው ከኋላ ደርሶ ክንዳቸውን ያዘ። ድንጋዩ ሾልኮ እግራቸው ሥር ዱብ አለ።

"ምን ሆነሃል አንተ? ልትሰብረኝ ነው?" አሉ ዞረው።

"በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እትየ። ዛሬን ብቻ ተዉልኝ።"

"እኔ ተውኩልህ። እነዚያንስ ማን ተዉ ይበልልኝ?" ክንዳቸውን አስለቅቀው ወደ ማሳቸው ጠቆሙ።

ማሳው ከዘንቦ ሐይቅ አፍ ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ውኃው ወደ መሃል ሲሸሽ የሚተወውን ጥቁር አፈር አገሬው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ጥቅምት ላይ ሽምብራ ይዘራበታል፤ ጥር ላይ እሸቱ ይንዠረገጋል። የእትየ እናኑ ድርሻ ግማሽ ጥማድ የማትሞላ ቁራጭ ናት። በዚች ቁራጭ ላይ አሁን አርባ ሦስት ግራጫ ሽመላዎች እንደ ደቦ አራሽ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ እሸቱን ይፈለፍላሉ። ኅዳር ላይ በረዶ ከሚወርድበት አገር ይመጣሉ፤ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። መምጫቸውን ዳኘው ያውቀዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሐይቁ ጥበቃ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና።

ወንጭፍ ክልክል ነው ብሎ ያወጀውም ራሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ "የወፍ ቆጠራ ሳምንት ስለሆነ እስከ ሐሙስ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ውሻ ወደ ሐይቁ እንዳይመጣ" ብሎ ለፍፎ ነበር። ሰው አጉረምርሞ ተበተነ። ማሳቸው ከሐይቁ ራቅ ያለ ሰዎች ግድ አልሰጣቸውም፤ አፉ ላይ ያሉት እትየ እናኑ ናቸው።

"ስማኝ ዳኘው፣" አሉ ነጠላቸውን አጥብቀው እያደገደጉ። "ዘንድሮ ማዳበሪያው ዘግይቶ ጤፌ ቀጥኖ እንደቀረ አይተሃል። የዓመት ሽሮዬም ዘሬም ይቺው ናት። ልጅ እንኳ ቢሆን ከጓሮዬ እሸት ሲቀጥፍ ባገኘው ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ። እነዚህን ምን ልበላቸው? የኔ ጌታ፣ ጨው ላምጣላችሁ?"

"እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከባሕር ዳር እንግዳ ይመጣል። አይተውት ይሂዱና ከዚያ ወንጭፉንም ጅራፉንም እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ።"

"ምኑን ነው የሚያዩት? ሽመላ ባሕር ዳር የለም?"

ዳኘው ግራና ቀኙን አየ። ከሁለታቸው በቀር ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንዱ ቀለበት አለው። ያውና፣ ከዳር ያለው። እግሩ ላይ።"

እትየ እናኑ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩ። አላዩትም። "ቀለበት ካለውማ ያግባኝ! ከባሌ የተሻለ ቁመት አለው" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። "እስከ ሁለት ተኩል አልክ? እኔ እዚችው ቁጭ ብያለሁ። ፀሐይዋ ያቺን ሾላ ስታልፍ አላውቅህም።"

ሾላው ሥር ተቀመጡ። ዳኘው ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ይነሣል፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይደግናል፣ ያወርዳል፣ መንገዱን ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ ይመልሳል።

ቀለበቱን ያየው ትናንት ወደ ማታ ነው። ሽመላው ከጉልበቱ በላይ በሁለቱም እግሩ ሦስት ሦስት ባለቀለም ቀለበት አለው። በግራው ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፤ በቀኙ ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር። እየደጋገመ አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው። የቀለሞቹ አደራደር የወፉ ስም ማለት ነው። ያንን ወደ ፈረንጅ አገር ሲልኩት የት እንደተፈለፈለ፣ መቼ እንደታሰረለት፣ ማን እንዳሰረለት ተጽፎ ይመጣል። ወፉ መታወቂያ አለው። ያየው ሰው ስምም እዚያው መዝገብ ላይ ይገባል፤ ይገባል ይባላል።

ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲህ ያለ ሽመላ ያገኘው እሱ ነበር። ጉንፋን ይዞት፣ ጭቃ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ነው ቀለሙን ያነበበው። ለዘመኑ ደውሎ አንድ በአንድ ነገረው። ዘመኑ የዚሁ የመንደሩ ልጅ ነው፤ በአሥር ዓመት ያንሰዋል። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ክረምት ክረምት ወንዙን በጀርባው አዝሎ ያሻግረው የነበረው ዳኘው ነው። በኋላ ዳኘው አባቱ ሲሞቱበት ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር ጨበጠ፤ ዘመኑ ኮሌጅ ገብቶ መምህር ሆነ፤ አሁን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ተሰጥቶት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብሏል። ሰዉ ግን እስካሁን መምህር ይለዋል። ዳኘውም መምህር ይለዋል፤ ሌላ ምን ይበለው?

ከፈረንጅ አገር የምስክር ወረቀት መጣ። በመስተዋት ተደርጎ ከዘመኑ ወንበር በላይ ተሰቀለ። ዳኘው ደመወዝ ሊጠይቅ ሄዶ ነው ያየው፤ የሽመላ ሥዕል አለበት፤ ሥሩ የዘመኑ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። "ጥሩ ሥራ ሠርተናል ጋሽ ዳኘው" አለው ዘመኑ ቀና ብሎ። "ሠርተናል" ያለችው ቃል እስካሁን አልተዋጠችለትም። ቡሬ ላይ በተደረገው ዓውደ ጥናት ደግሞ ከሾፌሮች ጋር ውጭ አስቀመጡት። ሪፖርቱ ሲታተም አንድ ሰው አነበበለት፤ መጨረሻው ላይ "ለሐይቁ ጥበቃ ሠራተኛም ምስጋና ይድረሰው" ይላል። ስም የለም። ሐይቁ ስም አለው፣ ወፉ ስም አለው፣ የማተሚያ ቤቱ እንኳ ስም ከጀርባው አለ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሁለት ዓመት ቆጣሪ ሳይመጣ ቀረ። ዘንድሮ ሄቨን የምትባል ተመራማሪ ከባሕር ዳር ራሷ ትመጣለች ተባለ። ዳኘው ያሰበው እንዲህ ነው፤ ቀለሙን ለዘመኑ አይነግርም። እሷን እጇን ይዞ እዚህ ሾላ ሥር ያቆማታል፣ መነጽሩን ይሰጣታል፣ በዓይኗ ታያለች፣ በእስክሪብቶዋ የእሱን ስም ትጽፋለች። የእሷን ስልክ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ትናንት ማታ ለዘመኑ ደውሎ፣ "አንድ የሚታይ ነገር ስላለ በጧት ኑ" ብቻ አለው። ያን ሲል ብልህ የሆነ መስሎት ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

"ጋሽ ዳኘው፣ ቡሬ ነው ያለሁት። እንግዳዋን ተቀብያለሁ፤ ቁርስ ብጤ ቀማምሰን እንወጣለን። ያ ነገር አለ?"

"አለ፣ መምህር። እንደው ቶሎ ብትሉ..."

"ቀለበት ነው አይደል? ገባኝ እኮ! ቀለሙን በሜሴጅ ላክልኝ እስኪ።"

ዳኘው ወደ ማሳው ዞሮ አየ። "ቀለሙ... ጭቃ ስላለበት ከዚህ በደንብ አይለይም። ስትመጡ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል።"

"ይሁን። ወፏን እንዳታስነሣት ብቻ፣ አደራ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እትየ እናኑ ከታች ወደ ላይ ያዩታል።

"የደጃች ዘመኑ ድምፅ ነው?" አሉ።

"ቁርስ ላይ ናቸው።"

"እነዚህም ቁርስ ላይ ናቸው" አሉ ወደ ማሳው አገጫቸውን ወርወር አድርገው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አለፈ። ፀሐይዋ ሾላውን አልፋ ጥላው ዞረ። እትየ እናኑ ተነሡ፤ ዳኘው ፊታቸው ቆመ። ሦስት ሰዓት ድረስ ብሎ ለመነ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ትንሽ ነው የቀረው ብሎ ለመነ። ከሐይቁ ማዶ የውኃ ዶሮዎች ይንጫጫሉ፤ ዳክዬዎች በመንጋ ተነሥተው ይወርዳሉ። እነዚያ በተነሡ ቁጥር ሽመላዎቹ አንገታቸውን ቀጥ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ዳኘው ካለበት አይነቃነቅም። እንደገና አቀርቅረው መልቀም ሲጀምሩ ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው ደግሞ የእትየ እናኑ ትንፋሽ ከጀርባው ይሰማዋል።

"ሽምብራውን ሲደርስ እኔ አጭጄ፣ እኔው ወቅቼ፣ ቤትዎ አስገባልዎታለሁ" አለ ሳይዞር።

"ምኑን ነው የምታጭደው? ገለባውን?"

"ካሳም ይኖራል። እንግዳዋ ከዩኒቨርሲቲ ናት። አያለሁ፣ እነግራታለሁ።" ይህን የሚያክል ውሸት ለእሳቸው ዋሽቶ አያውቅም። ካሳ የሚባል ነገር ማንም አንሥቶለት አያውቅም።

እትየ እናኑ ዞረው ፊቱን አዩት። የሟች ታላቅ ወንድሙ ሚስት ናቸው፤ ሲዋሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። "ዳኘው" አሉ በለሆሳስ፣ "ለኔ እንዲህ አትበለኝ። ስሜ እንዲጻፍ ነው በለኝ። ያንን እሰማለሁ።"

ዳኘው መነጽሩን ወደ መንገዱ ደገነ።

"ያኔ ወረቀቱ የመጣ ጊዜ ሬዲዮ ላይ የዘመኑን ስም ሲጠሩት እቤቴ ተቀምጠህ ነበር፤ ጠላው እጅህ ላይ ነበር። አልጠጣኸውም። አይቻለሁ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ በወፍ ምክንያት ብቻ ልጠላህ አልችልም። ግን እነሱ የሚበሉት ያንተን ስም አይደለም፣ የእኔን ሽሮ ነው።"

"እስከ አምስት ሰዓት" አለ።

"ከዚያ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላ አልለምንዎትም።"

አራት ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ። አልተነሣም። እንደገና ደወለ፤ ተዘጋበት። ሽመላዎቹ የማሳውን የላይኛውን ጫፍ ጨርሰው ወደ መሃል ገብተዋል። ያለፉበት ቦታ ባዶ ግንድ ብቻ ቆሟል፤ ፍሬው ተፈልፍሎ ቆዳው በየመስመሩ ተበትኗል። ዳኘው ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ። ከማንኩሳ የሚመጣ ባጃጅ አቧራውን እያስነሣ መጣና ወደ ወፍጮ ቤቱ ታጠፈ። ሌላ ምንም አልነበረም። ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰ። ጫማው የሾላውን ሥር አንድ መስመር አድርጎ ጠርጎታል።

እትየ እናኑ ወንጭፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለዋል። መከራከርም መቆጣትም ትተዋል። ይህ ከሁሉም የባሰ ሆነበት። ቢጮሁበት ይጮህባቸው ነበር፤ ጩኸት የለመደው ነገር ነው።

"ይናገሩ እንጂ፣ እትየ" አለ።

"እየቆጠርኩ ነው" አሉ። "አንተ ወፍ ትቆጥራለህ፤ እኔ የተረፈልኝን መስመር። ስድስት።"

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

"መጣን፣ መጣን!" አለ ዘመኑ። ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ። "አስተዳዳሪው እንግዳዋን ላግኛት ብሎ ነው የቆየነው። ወፏ አለች?"

"አለች። መምህር፣ ግን የሰው ማሳ ነው፤ ሽምብራው እኮ እያለቀ..."

"ተወው፣ አሥር ደቂቃ ነው። ይልቅ ስማኝ፤ ለሄቨን በመንገድ ነግሬያታለሁ። ያኔ ያገኘኋት ሳትሆን አትቀርም ብያታለሁ። ሁለቴ ከተመዘገበች ትልቅ ነገር ነው፤ በጣም ነው ደስ ያላት። አንተ እንግዲህ ስንደርስ ገበሬዎቹን ራቅ አድርግልን። ሰው ካለ ወፏ ትደነግጣለች። ራስህም ትንሽ ፈቀቅ በል፣ እሺ ጋሽ ዳኘው? ጎበዝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ዳኘው ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆመ።

ያኔ ያገኘኋት። ወፏን ገና በዓይኑ ሳያያት አግኝቷታል። ፈቀቅ በል። ወዴት ነው ፈቀቅ የሚባለው? ውኃው ውስጥ?

"ምን አለህ?" አሉ እትየ እናኑ።

"ገበሬዎቹን አርቅ አለኝ።"

"ገበሬዎቹ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

እትየ እናኑ ወንጭፋቸውን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። "እሺ" አሉ። "እርቃለሁ። ቤቴ እገባለሁ። ያንተን እንጀራ እኔ አላበላሽም፤ አለቃህ ካለ አለ ነው።" ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ኋላ ሳያዩ ዳገቱን ተያያዙት።

ቢሰድቡት ምናለበት ነበር። ዳኘው ጀርባቸውን አየ። ወደ መንገዱ ዞሮ አየ፤ የነዘመኑ ነጭ መኪና ከማንኩሳው መታጠፊያ ወጥቶ ቁልቁል እየመጣ ነው። ወደ ማሳው ዞሮ አየ፤ አርባ ሦስቱም አሉ፤ ባለቀለበቱ ከዳር ወደ መሃል ገብቶ አንገቱን ሽምብራው ውስጥ ቀብሯል። አምስት መስመር ያህል ሳይነካ ቀርቷል። መኪናው ቆሞ፣ ወርደው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ፎቶ አንሥተው እስኪጨርሱ የተረፈችውም ሽምብራ ታልቃለች። አንድ ሰዓት ይፈጃሉ። ዘመኑ ካለ ሁለት ሰዓት።

ቢታገሥ ምን ነበረበት? ምናልባት ልጅቱ ደግ ትሆናለች። ምናልባት ማን አየው ብላ ትጠይቃለች። ምናልባት ዘመኑ አፉን ሳይከፍት እሱ ይቀድማል። ይህን እያሰበ ነው እግሩ ወደ ማሳው የገባው።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ሄደ፣ መስመሩን እየተከተለ፣ ግንዱን እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ። ሽመላዎቹ ቀና አሉ። ሁለቱ ተራመዱ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማ።

"ጋሽ ዳኘው! ቁም! ኧረ ምን ሆነሃል፣ ቁም!"

አልቆመም። ካፖርቱን አወለቀና በአንድ እጁ ይዞ አራገበው። "ሃይ! ሃይ በል!" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሐይቁ ላይ ጮሆ አያውቅም። መንጋው አንድ ላይ ተንደረደረ፤ ክንፋቸው አየሩን ሲመታው ጥጥ የሚነድፍ ሰው ያለ መሰለ፤ ፊቱ ላይ አቧራና ገለባ በተነበት።

አንዱ ግን ቀረ። ባለቀለበቱ አልተነሣም። ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ በአንድ ቀይ ዓይኑ እያየው ቆመ። እንዲህ ቀርቦት አያውቅም። ያለ መነጽር፣ በገዛ ዓይኑ ቀለበቶቹን አየ። በቀኝ እግሩ ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር። በግራው ቢጫ... መሃለኛው አረንጓዴ አልነበረም። ትናንት በጭቃውና በምሽቱ ብርሃን ነው ያሳተው፤ ሰማያዊ ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ዘመኑ ከሦስት ዓመት በፊት ያስመዘገበው ደግሞ በሁለቱም እግሩ ሦስቱም ቀለበት ቢጫ ነበር። ይህ ሌላ ወፍ ነው። ይህን በምድር ላይ አሁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ቢቆም ኖሮ ወፉም ይቆም ነበር ይሆናል። ሄቨን ትደርስበት ነበር።

ሁለት እጁን ዘርግቶ ሮጠበት። ሽመላው ሦስት ጊዜ ተራምዶ ተነሣ፣ እግሩን ወደ ኋላ ዘረጋ፣ ከመንጋው ጋር ተቀላቀለ። መንጋው ሐይቁን ዞሮ ወደ ቡሬ በኩል አቀና።

ዘመኑ ከማሳው ጫፍ ላይ ፊቱ ቀልቶ ቆሟል። ከጎኑ ካሜራ ያንገተች ወጣት ሴት ሰማዩን አንጋጣ ታያለች።

"ምን ነክቶህ ነው? እኮ ምን ነክቶህ ነው?" አለ ዘመኑ። "አሥር ደቂቃ አልኩህ እኮ! አራት ሰዓት ተጉዛ የመጣችውን ሴት... ቢያንስ ቀለሙን አይተሃል? ቀለሙን ንገረኝ!"

"ጋሼ፣" አለች ሄቨን በትሕትና፣ "ቀለበቱን ለይተውት ነበር?"

ዳኘው አላበው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ቀለሞቹ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። ለልጅቱ ሊላት አፉን ከፈተ። ዘመኑ ስልኩን አውጥቶ ለመጻፍ አውራ ጣቱን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ አየ።

"አይ" አለ። "ሽምብራውን ነው ሳይ የነበረው።"

ከዳገቱ ላይ እትየ እናኑ ቆመዋል፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደዚህ ያያሉ። ሄቨን የተረፈውን ለማየት ይመስላል፣ ወደ እሱ ልትመጣ አንድ እርምጃ ወደ ማሳው አነሣች። ዘመኑ ቀድሟት ገባ።

"በዚያ አይደለም" አለ ዳኘው። እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። "የሰው ማሳ ነው። በዳር ዙሩ።"

ሄቨን ወዲያው እግሯን መለሰችና "ይቅርታ" ብላ በዳር ዞረች። ዘመኑ የሰማውን ያላመነ ሰው ይመስል ቆመ፤ አንዱ የቆዳ ጫማው ከተረፉት አምስት መስመሮች የመጀመሪያው ላይ ነበር። ዳኘው ጎንበስ ብሎ የወደቀ ግንድ ማቃናት ጀመረ፤ ዓይኑን ግን ከጫማው ላይ አላነሣም፤ ጫማው እስኪነሣ ድረስ።